ሐሙስ የሚቆሙ ሦስት ገበያዎች፦ የአንድ ቤተሰብ የደቡብ ጉዞና የጋራ ካርታው

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። የኮንሶም እንዲሁ ሰኞና ሐሙስ ነው። የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የጂንካ ቅዳሜ፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ። እነዚህን ቀናት አንድ በአንድ የሚያውቁ ሰዎች በዙሪያችን ሞልተው ነበር። ሦስቱ የሐሙስ ገበያዎች በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው እንደሚሻሙን ግን ካርታ ላይ ቀለም እስክንቀባቸው ድረስ ማንም ልብ አላለም።

ይህ ጽሑፍ 11 ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ ለስምንት ቀን የደቡብ ጉዞ የራሱን የኢንተርኔት ካርታ እንዴት እንደሠራ፣ እንዴት እንደተጋራውና የት የት ላይ እንደተሳሳተ የሚተርክ ነው። ካርታውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ከስህተቶቹ አብዛኞቹ የእኔ ናቸው። በየዓመቱ ለገናና ለጥምቀት ከውጭ የመጡ ዘመዶቻቸውን ይዘው መንገድ የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እኛን የገጠመን እነሱንም እንደሚገጥማቸው ስለማውቅ ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

የጉዞው ባለቤት

ጉዞው የአክስታችን ነው። ሁላችንም እታለም እንላታለን። በ1967 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዘመቱት 60 ሺህ ገደማ ሰዎች አንዷ ነበረች። የተመደበችው በያኔው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ከጨንቻ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ከዘመቻው 50 ዓመት ሊሞላ ሲል «ውኃ የምንቀዳበትን ምንጭ አንዴ ልየው» አለች። በዚህ ቃል ከሲልቨር ስፕሪንግ አራት፣ ከስቶክሆልም ሁለት፣ ከሐዋሳ ሁለት፣ ከአዲስ አበባ እሷን ጨምሮ ሦስት ሰው ተሰባሰበ። መኪናው ሁለት ነው፦ ከነሹፌሩ የተከራየነው ላንድክሩዘርና የሐዋሳው ወንድሜ የሚነዳት ደብል ጋቢና ፒክአፕ።

በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት እሑድ ዋለ። ሰኞን ለቃና ዘገሊላ ትተን ማክሰኞ ጥር 13 ከአዲስ አበባ ልንነሳ፣ በሳምንቱ ማክሰኞ ጥር 20 ልንመለስ ተስማማን። መንገዱም ታወቀ፤ በአለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ አድርጎ ወደ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ወደ ኮንሶ፣ ወይጦ፣ ቀይ አፈርና ጂንካ። በዚህ አንድ መስመር ላይ ብቻ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ሦስት ስፍራዎች አሉ፦ ጢያ በ1980፣ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011፣ መልካ ቁንጥሬ በ2024 እ.ኤ.አ.። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየት ይፈልጋል። ቀኑ ግን ስምንት ነው።

ከቴሌግራም ወደ ኤክሴል

መጀመሪያ የነበረን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዱ የሆቴል ስክሪንሾት ይልካል፣ ሌላዋ የድምፅ መልእክት ትተዋለች፣ የስቶክሆልሙ አጎቴ ልጅ አምስት የጎግል ማፕስ ሊንክ በተርታ ይለጥፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ያ በአርባ ምንጭ ያለው ማደሪያ የትኛው ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ሦስት ሰው በሦስት ቀን ጠየቀ፤ መልሱ እዚያው ከላይ ተቀብሮ ነበር።

ጎግል ማይ ማፕስን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የራስን ካርታ የሚሠሩበት ነፃ አገልግሎት ነው። ተራው የጎግል ማፕስ ዝርዝርም ቦታ አስቀምጦ ሼር ለማድረግ ይበቃል፤ ነገር ግን ቦታዎችን በቀን መለየት፣ መስመር ማስመር፣ በየቦታው ረጅም ማስታወሻ ማስቀመጥ ከተፈለገ ማይ ማፕስ ይሻላል። አንድ ካርታ እስከ 10 ሌየር ይይዛል፤ ሌየር ማለት አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር፣ ሲፈለግ የሚበራና የሚጠፋ የምልክቶች ስብስብ ነው። በአንድ ሌየር ውስጥ እስከ 2,000 ነገር ይገባል። የሚሠራው ግን በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያው በ2021 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፤ በስልክ የጎግል ማፕስ መተግበሪያ ውስጥ ካርታውን ማየት እንጂ ማረም አይቻልም።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ ካርታው ላይ ከመትከል ይልቅ በኤክሴል ሰንጠረዥ ጀመርኩ። ዓምዶቹ ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ የገበያ ወይም የቀጠሮ ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክ፣ ማን ነገረን፣ መቼ ተረጋገጠ የሚሉ ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች መጀመሪያ እንደ ትርፍ ነገር ነበር ያየኋቸው። በኋላ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀሙን እነሱ ሆኑ። ሰንጠረዡ እንዳለ ወደ ማይ ማፕስ ይገባል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውንም ሳያበላሽ ይቀበላል።

መጀመሪያ ስጭነው አርባ ምንጭ ጠፋች። የከተማዋ ኬክሮስ 6 ዲግሪ፣ ኬንትሮሷ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው፤ እኔ ሁለቱን ዓምዶች አገላብጬ ስለነበር ካርታው 37 ዲግሪ ተኩል ሰሜን፣ 6 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ አስቀመጣት። ያ ከአልጄሪያ ጠረፍ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የትኛውም ቦታ ትንሹ ቁጥር ኬክሮስ፣ ትልቁ ኬንትሮስ ነው፤ ይህችን ብቻ ማስታወስ ይበቃ ነበር።

ሌላው ያስቸገረን የስም አጻጻፍ ነው። ቀይ አፈርን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪዩ» ይጀምራታል፤ ወይጦ አራት ዓይነት አጻጻፍ አላት፤ የኮንሶ ከተማ አንዳንድ ካርታ ላይ ኮንሶ፣ ሌላው ላይ ካራት ትባላለች። ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ አንድ የአማርኛ ስም ወሰንን፤ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ልጆች ግዕዝ ስለማያነቡ የላቲኑን በማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ አስገባን።

መረጃውን ያገኘነው ከሦስት ሰው ነው። አንደኛው ሽሮ ሜዳ ላይ የእናቴን ጥበብ የሚሸምን የዶርዜ ሰው ነው፤ የዶርዜና የጨንቻን የገበያ ቀን የነገረን እሱ ነው። የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ እንደሆነ ሲነግረን እግረ መንገዱን ምን ሰዓት ላይ እንደሚደምቅም ጨመረልን። ሁለተኛው በጂንካ የሚያስተምር የወንድሜ ጓደኛ ነው። ሦስተኛው ሹፌራችን ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ካርታውን በኮምፒውተር ሳሳያቸው ረጋ ብለው አዩትና «ሆቴሉን ተዉት፣ ሆቴል አይጠፋም። ጎሚስታውን ጻፉልኝ» አሉ። የሚያምኑትን ጎሚስታ፣ ሁልጊዜ ነዳጅ የማያጡበትን ማደያ፣ ኬላዎቹን፣ ከብት መንገድ የሚሞላበትን ሰዓት ሁሉ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ያ ሌየር «የጋሼ» ተባለ።

ቀለሙ ያወጣው ነገር

ማይ ማፕስ ምልክቶቹን በአንድ ዓምድ መሠረት በራሱ ቀለም ይቀባል። «ቀን» የሚለውን ዓምድ መረጥኩ። ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቡኒ፣ ሐሙስ ቀይ፣ ቅዳሜ አረንጓዴ ሆነ። ከጨንቻ ተራራ ሥር እስከ ቀይ አፈር ሦስት ቀይ ነጥቦች ቁልቁል ወረዱ፦ ዶርዜ፣ ኮንሶ፣ ቀይ አፈር።

እስከዚያ ድረስ የነበረን ዕቅድ እንዲህ ነበር፤ ረቡዕ ዶርዜ፣ ሐሙስ ኮንሶ፣ ዓርብ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንከን የለበትም። መንገዱ ቅደም ተከተሉን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማንም ሰው እንዲህ ያቅዳል። ቀለሙ ሲታይ ግን ረቡዕ ዶርዜ ላይ ገበያ የለም። ዓርብ ቀይ አፈር ብንደርስ ባዶ ሜዳ ነው የሚጠብቀን፤ የበና፣ የፀማይና የአሪ ሕዝቦች የሚገናኙበት ያ ሁሉ ማር፣ ቅቤ፣ ፍየልና ጨሌ ከዋለ ገና አንድ ቀን ያለፈው ባዶ ሜዳ። ከስቶክሆልም ይህን ብሎ የመጣው ዘመዳችን ይህን ቢያጣ ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ አይኖረኝም ነበር።

ስለዚህ ጉዞውን ገለበጥነው። ረቡዕ አርባ ምንጭ ላይ ጫሞ ሐይቅ ሆነ። ሐሙስ በሌሊት ተነስተን፣ ኮንሶን ገበያተኛው ገና ሲገባ አልፈን፣ ቀትር ላይ ቀይ አፈር፣ ማታ ጂንካ። ዓርብ እረፍት። ቅዳሜ ጠዋት የጂንካ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮንሶ ማደር። እሑድ በድንጋይ ካብ የታጠሩት የኮንሶ መንደሮችና እርከኖቹ። ዶርዜ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ሰኞ ጥር 19 ተገፋ፤ ሰኞም ገበያው የሚቆምበት ቀን ነው። የእታለም ጨንቻ ከዶርዜ በላይ ስለሆነ የእሷም ቀን በዚያው ሰኞ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ቅር አላት። «ሳልሞት እመጨረሻው ላይ ታደርሱኛላችሁ» አለች። ቀዩን ነጥብ፣ ሰማያዊውን ነጥብ እያሳየሁ ሳስረዳት መነጽሯን አድርጋ ረጅም ሰዓት አየችው። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አድርጋ «ምንጩን የተከልክበት ቦታ ልክ አይደለም» አለችኝ። ለካ እሷ የምታየው ቀለሙን አልነበረም።

እውነትም ምንጩን የተከልኩት በስልክ ከነገረችኝ ተነስቼ ነው፤ «ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል፣ የቀርከሃ አጥሩን አልፎ»። በሳተላይት ምስል ላይ ጨንቻ ዳገት ሁሉ ቀርከሃና እንሰት ነው። አካባቢ ገምቼ ጥያቄ ምልክት ያለው ምልክት አስቀመጥኩ። እሷ ወደ ምሥራቅ አስጎተተችኝ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ። «እዚህ አካባቢ ይሁን፤ እዚያው ስንደርስ አየዋለሁ» ብላ ተወችው።

2 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ከጉዞው ሁሉ በጣም የማዝንበት ስህተት ይህ ነው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ሊሠራው የማይገባ፣ ግን ሁላችንም የምንሠራው። በጫሞ የጀልባ ማረፊያ ምልክት ላይ «ረቡዕ 2፡00» ብዬ ጻፍኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቴ ነው፤ ሐይቁ ሳይናወጥ፣ ነፋሱ ሳይነሳ። የሲልቨር ስፕሪንጓ የአጎቴ ልጅ 2፡00ን ከሰዓት በኋላ ብላ አነበበችው። እሷ በምትኖርበት አገር ሌላ ንባብ የለውም። ረቡዕ ጠዋት ልጆቿን ይዛ፣ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ለከተማዋ ስም ወደሆኑት አርባ ምንጮች ወረደች፤ ስልኳም ሆቴል ክፍል ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። እኛ ስድስት ሰው በጀልባ ማረፊያው ቆመን ጠበቅናት። ቀብድ ከፍለናል፣ ባለጀልባውም ሰዓቱን እያየ ነው።

የተነሳነው 4 ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ ቀድሞን ተነስቶ ነበር። የአዞ ገበያ ወደሚባለው ዳር ስንቃረብ ውኃው ጀልባዋን መምታት ጀመረ፤ ትንሿ ልጅ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ አንድም አዞ ሳታይ ተመለሰች። በማግስቱ ሌሊት ስለምንነሳ ድጋሚ ዕድል አልነበረንም።

ያንን ማታ 63ቱንም ምልክቶች ከፍቼ ሰዓት ያለባቸውን ሁሉ በቃል ጻፍኩ፦ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 8፡00»። ቀኑንም እንዲሁ፤ «ሐሙስ ጥር 15፣ በውጭ ጃንዋሪ 23»። ይረዝማል፣ ያስጠላልም። ግን ግማሹ ቤተሰብ በአንድ ሰዓት፣ ግማሹ በሌላ ሰዓት በሚኖርበት ካርታ ላይ ቁጥር ብቻውን ቢጻፍ ሁለት ቀጠሮ ነው የሚሰጠው።

የመንገዱ ሰዓትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ካርታው ላይ መስመር ሲሰመር የሚወጣው የጉዞ ሰዓት ለእኛ መንገድ በጣም አጭር ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 8 ሰዓት ከምናምን ያለን መንገድ፣ ጢያ ላይ ወርደን፣ ሆሳዕና ምሳ በልተን፣ በየከተማው መግቢያ ከከብትና ከባጃጅ ጋር ተጋፍተን፣ 12 ሰዓት ፈጀብን። ጋሼ ከመነሻው «ግማሹን ጨምሩበት» ብለውኝ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ «ማን ነገረን» በሚለው ዓምድ ሥር የእሳቸውን ስም ብጽፈውም የሰዓቱን ስሌት ግን ከካርታው ወስጄ ነበር።

ማን ይንካው?

ካርታውን መጀመሪያ ሼር ያደረግኩት ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያርመው ፈቅጄ ነው። የሁላችንም እንዲሆን ፈልጌ ነው፤ ሐሳቡ ዛሬም አያሳፍረኝም። ችግሩ የመጣው ከመነሳታችን አራት ቀን በፊት ነው። ጋሼ ካርታውን በድጋሚ ሲያዩ «ይህቺ ማደያ እዚህ የለችም» አሉ። የኮንሶው የነዳጅ ምልክት ወይጦ ላይ ቆሟል። አንድ ሰው፣ ምናልባትም ካርታውን ሊጎትት ሲል፣ ምልክቱን ጎትቶት ነው። ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከአርባ ምንጭ ወጥተን ኮንሶ ላይ ካልቀዳን እስከ ጂንካ የምንተማመንበት ሌላ ማደያ እንደሌለ የነገሩን ጋሼ ናቸው፤ እሳቸው ባያዩት ኖሮ ወንድሜ «ወይጦ እቀዳለሁ» ብሎ ኮንሶን ያልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የማረም ፈቃድ ለሦስት ሰው ብቻ ሆነ፦ ለእኔ፣ ለወንድሜና ለስቶክሆልሙ። የቀረው ያያል፤ የሚጨመር ነገር ካለ በቴሌግራም ይነግረናል፤ እኛ እናስገባለን። በየማታውም ካርታውን ኮፒ አድርጌ በቀኑ ስም አስቀምጥ ነበር።

ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ይበልጥ ያስፈራኝ ነው። ካርታው ላይ የአዲስ አበባ ቤታችን አለ፤ የእታለም ቤት አለ፤ ማን በየትኛው ቀን የት እንደሚያድር አለ፤ የዘመዶቻችን የበረራ ቀን ስላለም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤት ከመቼ እስከ መቼ ሰው እንደማይኖርበት ያወቀ ሁሉ ያውቃል። አንዲት ዘመዳችን በቅንነት፣ «ቆንጆ ካርታ ነው፣ ደቡብ ለምትሄዱ» ብላ ሊንኩን ብዙ መቶ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ሊንክ ያለው ሁሉ እንዲያይ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሰዓት ሊንኩን ዘግቼ ካርታውን ለሁለት ከፈልኩት። አንደኛው የግል ነው፤ ቤት፣ ማደሪያ፣ በረራ፣ ስልክ ቁጥር ያለበት፣ በኢሜይል ስማቸው ለተጠራ ሰዎች ብቻ የሚከፈት። ሁለተኛው ለማንም የሚሰጥ ነው፤ የገበያ ቀን፣ ጢያ፣ መልካ ቁንጥሬ፣ ጎሚስታ፣ ማደያ። የጎሚስታዎቹን ስልክ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው «ይውጣ» እስኪሉ ድረስ አላወጣሁትም።

ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከመጀመሪያው በሁለት ካርታ ብጀምር ኖሮ አንድ ደቂቃም ባልፈጀ ነበር።

ኔትወርክ የሌለበት መንገድ

ማይ ማፕስ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። በጎግል ማፕስ አንድን አካባቢ አስቀድሞ ዳውንሎድ ማድረግ ይቻላል፤ በራስ የተሠራው ካርታ ግን አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ ካርታውን በኬኤምኤል ፋይል (የካርታ ምልክቶችን ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ በሚያሻግር የፋይል ዓይነት) አውጥቶ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ መተግበሪያ መክፈት። እኛ የተጠቀምነው ኦርጋኒክ ማፕስን ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ካርታውን የሚወስደው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዱ በኋላ ስልኩ በጂፒኤስ ብቻ የቆሙበትን ያሳያል፤ ብዙ ከተሞችም በአማርኛ ስማቸው ሲፈለጉ ይገኛሉ። ፋይሉን በቴሌግራም ልኬ ሰኞ ማታ፣ ለቃና ዘገሊላ ተሰብስበን ሳለ፣ ከሰው ወደ ሰው እየዞርኩ ስልክ ላይ ጫንኩ።

ዘጠኝ ስልክ ላይ ጫንኩ። የቀሩት ሁለቱ የወንድሜና የባለቤቱ ናቸው፤ ከሐዋሳ በሶዶ በኩል መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ስለሚቀላቀሉን በዚያች ምሽት አልነበሩም። አርባ ምንጭ ላይ እጭንላቸዋለሁ አልኩ፤ የጀልባው ነገር መጣና ረሳሁት። ሁለቱም በአንድ መኪና ውስጥ ናቸው፤ አብረዋቸው የተሳፈሩት ሁለቱ ሕፃናት ደግሞ ስልክ አልያዙም፤ የእነሱ መስሎኝ የጫንኩት ከእናታቸው ጋር ላንድክሩዘሩ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። ኮንሶ መስቀለኛ መንገድ ናት፤ አንዱ ከአርባ ምንጭ የሚመጣው፣ አንዱ ወደ ወይጦና ጂንካ፣ ሌላው ወደ ያቤሎ። እኛ ነዳጅ ቀድተን ቀደምን፤ ወንድሜ ጎማውን ሊያስነፋ ቀረ። ስልኩ ላይ የነበረው ስክሪንሾት ነው፤ ስክሪንሾት ደግሞ የቆሙበትን አያውቅም። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል፤ ሰው ሲጠይቅ ያቤሎ የሚሄድ መስሏቸው ይሁን የሱ አጠያየቅ ይሁን፣ ወደ ያቤሎ አመለከቱት። ኔትወርክ ስለሌለ ልንደውልለት አልቻልንም። 20 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ፀሐይዋ ከኋላው መሆን ሲገባት ፊቱ ላይ ስትወጋው ተጠራጥሮ ተመለሰ። እኛ ወይጦ ድልድይ አጠገብ ጥላ ይዘን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅነው፤ እታለም ምንም አልተናገረችም፤ መቁጠሪያዋን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር።

ሲደርስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ስልኩን ተቀብዬ ፋይሉን በብሉቱዝ ላክሁለት። የኢትዮጵያን ካርታ ግን ያለ ኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም፤ ያን ያገኘው ማታ ጂንካ ነው። እስከዚያ ጋሼ «ከኋላዬ እንዳትለይ» ብለው ቀስ ብለው ነዱ። ቀይ አፈር 8 ሰዓት ገባን፤ ገበያው ደምቆ ነበር፤ ለዚያ ቀን በቃን።

ምንጩ

ሰኞ ጥር 19 ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጣን። መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል፤ ከታች ቀይ ቡኒው አባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ እየራቀ ይታያል። ዶርዜ ላይ ገበያው ገና እየገባ ነበር። የዝሆን ፊት የሚመስሉትን የቀርከሃ ቤቶች አይተን፣ ቆጮ በማርና በዳጣ በልተን ልጆቹን እዚያው ተውናቸው። እታለም፣ ጋሼና እኔ ብቻ ወደ ላይ ቀጠልን።

ካርታው ወዳለው ቦታ ስንደርስ መኪናውን አስቆመች። የተከልነው ምልክት የእንሰት ማሳ ውስጥ ነው። ወርዳ ከዘራዋን ተክላ ዙሪያውን አየች። ትምህርት ቤቱን አወቀችው፤ የአሁኑ ግን ከድንጋይ የተሠራ ነው። በአጥሩ በር አጠገብ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት አሮጊት አገኘን። ጋሼ ጥቂት ጋምኛ ይሰማሉ፤ ጠየቁልን። አሮጊቷ ጭራሯቸውን አውርደው እታለምን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያ በእጃቸው ወደ ታች፣ እኛ ከተከልነው በተቃራኒ አመለከቱ።

ቁልቁል ደግፌያት ወረድን። ምንጩ አለ። ዙሪያው በሲሚንቶ ታጥሯል፣ ሁለት ቧንቧ ወጥቶለታል፤ ጄሪካን የያዙ ልጆች ተሰልፈዋል። ከሲሚንቶው በስተጀርባ ግን መሐሉ የተሰረጎደ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እንስራ እየተቀመጠበት የተበላ። እታለም ከዘራዋን ለእኔ ሰጥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ነካችው። አንዷ ልጅ ጄሪካኗን ትታ እሷን ታያት ጀመር።

ስልኬን አውጥቼ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ የቆምንበትን ምልክት አደረግኩ። ከገመትኩት 400 ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። «ምን ብዬ ልጻፈው?» አልኳት።

«የ1967 ምንጭ በል» አለች።

ማታ አርባ ምንጭ ስንመለስ ምልክቱን ወደ ትልቁ ካርታ አስገባሁ፤ የድንጋዩን ፎቶም አያያዝኩበት። «ማን ነገረን» በሚለው ቦታ እታለምንና ጭራሮ የተሸከሙትን አሮጊት ጻፍኩ፤ «መቼ ተረጋገጠ» በሚለው ጥር 19 ቀን 2017። እታለም ሊንኩን አብራት ለዘመተች፣ አሁን ካናዳ ለምትኖር ጓደኛዋ እንድልክላት አዘዘችኝ። ላክሁ። በነጋታው ቡታጅራን አልፈን ጢያ ስንቃረብ ኔትወርክ ሲመለስ መልሱ ገባ፤ ምንጩ ልክ ነው፣ ድንጋዩንም አወቀችው፤ የዘማቾቹ ማደሪያ ግን ከትምህርት ቤቱ ወዲያ ማዶ ነበር፤ እሷ ራሷ ካርታው ላይ ልታሳየን ትፈልጋለች፣ የማረም ፈቃድ ይሰጣት። እታለምን ዞሬ አየኋት፤ አንገቷን ነቀነቀች። አራተኛዋ አራሚ አድርጌ ስሟን አስገባሁ።